ራጁን ኤአይ ሲያነበው ላብራቶሪው ሥራ ይበዛበታል፦ ለጤና ቢሯችንና ለሆስፒታላችን ቦርድ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክልላችን ጤና ቢሮ ኃላፊዎች እና ለሆስፒታላችን ሥራ አመራር ቦርድ አባላት

ክቡራን፣

እኛ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። የምንጽፍላችሁ በቅርቡ ስለደረሰን ውሳኔ ነው። በላብራቶሪ ክፍላችን ያሉት ክፍት መደቦች አይሞሉም ተብሏል። በዝውውር የሄዱትም ለትምህርት የወጡትም አይተኩም። ምክንያቱ በአንድ መስመር ተጽፏል፦ "ሥራው በዘመናዊ ቴክኖሎጂ ስለሚሸፈን"። የወባ ስላይድ (ደም የተቀባበት መስታወት) በራሱ የሚያነብ ማይክሮስኮፕ ይመጣልናል ማለት ነው። በዚያው ደብዳቤ ራጅ ክፍሉ ዲጂታል ማሽን፣ የደረት ራጅ የሚያነብ የሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) ሶፍትዌር፣ ሥልጠናና አንድ ተጨማሪ ባለሙያ ተፈቅዶለታል።

ራጅ ክፍሉ በማግኘቱ ቅር አላለንም። እዚያ ያሉት ጓደኞቻችን ናቸው፣ ሲያንሳቸው የኖረውንም እናውቃለን። ቅር ያለን ሌላ ነው። ሁለቱ ሙያዎች ተነጻጽረው አንዱ "ያድጋል"፣ ሌላው "ይተካል" ሲባል ከሁለቱም ክፍል አንድ ሰው አልተጠየቀም። ብንጠየቅ ኖሮ የምንለውን እነሆ።

መጀመሪያ ራጅ ክፍሉን እንይ። ሆስፒታላችን ራዲዮሎጂስት የለውም። የራጅ ባለሙያው ያነሳል፣ ጠቅላላ ሐኪሙ በሩጫ ያያል፣ የከበደው ወደ ትልቁ ከተማ ይላካል። ሶፍትዌሩ ሲመጣ የሚቀመጠው ባዶ ወንበር ላይ ነው። የማንንም እንጀራ አይነካም። የራጅ ባለሙያው ሥራም እዚያው ይቆያል። በሽተኛውን ማቆም፣ ትከሻውን ማስተካከል፣ "አየር ሳብ፣ ያዝ" ማለት፣ ሴቷን እርጉዝ መሆን አለመሆኗን መጠየቅ፣ አቅም ያጣውን ሽማግሌ ደግፎ ማንሳት። ይህን የሚሠራ ሶፍትዌር የለም። ተጣምሞ የተነሳ ራጅ ቢሰጡትም ኤአዩ ቁጥር ማውጣቱን አይተውም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እነዚህ ሶፍትዌሮች የደረት ራጅን በሰው አንባቢ ፈንታ ማየት እንደሚችሉ መክሯል። ምክሩ ግን ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ነው። ደግሞም ለቲቢ ልየታ ነው፣ በሽታውን ቁርጥ አድርጎ ለመናገር አይደለም። ሶፍትዌሩ የሚያወጣው ነጥብ ጥርጣሬ ነው። ያ ሰው ቲቢ አለበት ለማለት አክታው መመርመር አለበት።

አክታውን የሚመረምረው ማነው? እኛ ነን።

ውሳኔው የሳተው ይህን ነው። ራጅ ክፍል የገባው ኤአይ ሥራውን እዚያው አይጨርሰውም፣ ወደ ላብራቶሪ ይልከዋል። ብዙ ሰው በፍጥነት በታየ ቁጥር ብዙ ተጠርጣሪ ይወጣል። እያንዳንዱ ተጠርጣሪ አንድ ኩባያ አክታ፣ አንድ ካርትሪጅ (ናሙናው ተጨምሮበት ማሽኑ ውስጥ የሚገባ፣ አንዴ ብቻ የሚያገለግል ዕቃ)፣ አንድ ምዝገባ፣ አንድ ውጤት ነው። እኛ ጋ ያለው ባለ አራት ሞጁል (ባለ አራት ክፍል) ጂን ኤክስፐርት የተባለው የቲቢ መመርመሪያ ማሽን አራት ናሙና በአንድ ጊዜ ይወስዳል። አንዱ ዙር ሁለት ሰዓት ሊሞላ ይችላል። ሁሉም ነገር ከተስተካከለ በመደበኛ የሥራ ቀን ከ16 እስከ 20 ናሙና ነው የሚወጣው። ሁሉም ነገር ደግሞ አይስተካከልም። አንድ ሞጁል ሲበላሽ አቅማችን በሩብ ይቀንሳል። መብራት መሀል ላይ ሲሄድ የጀመረው ካርትሪጅ ይባክናል።

ይህን በግምት አይደለም የምንናገረው። ባለፈው ዓመት ለሙከራ በተደረገው የቲቢ ልየታ ዘመቻ ላይ አይተነዋል። ተንቀሳቃሽ ራጅና ሶፍትዌር መጣ። ከየቀበሌው ሰው ተጠራ። ራጁ በደቂቃዎች ይነበባል፣ ሰልፉ ደግሞ እኛ በር ላይ ይቆማል። በሁለተኛው ሳምንት ካርትሪጅ አለቀ። ፍሪጁ በአክታ ኩባያ ሞላ። ሰዎችን "ሌላ ቀን ተመለሱ" አልናቸው። የቅርቦቹ ተመለሱ። በእግራቸው ግማሽ ቀን የመጡት አብዛኞቹ አልተመለሱም። የዘመቻው ሪፖርት ስንት ሰው ራጅ እንደተነሳ በደማቁ ይናገራል። ስንት ሰው ተጠርጥሮ አክታው ሳይመረመር እንደቀረ የሚል ረድፍ ግን የለውም። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው የላብራቶሪ መደብ ይታጠፍ የተባለው።

ሌላም ነገር አለ። ሶፍትዌሩ "ተጠርጣሪ" የሚልበት የነጥብ መቁረጫ በሰው የሚወሰን ነው። ዝቅ ካደረጉት ብዙ ሰው ይመጣል፣ ከፍ ካደረጉት በሽተኛ ያመልጣል። ቀድሞ ቲቢ ታሞ የዳነ ሰው ሳንባው ላይ በቀረው ጠባሳ ምክንያት ነጥቡ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ መቁረጫው እንደየአካባቢው መስተካከል አለበት። በዘመቻው ግን ሶፍትዌሩ ከፋብሪካው ይዞት የመጣው ቁጥር ሳይነካ ሥራ ላይ ዋለ። የእኛ ማሽን በቀን ስንት ናሙና ይችላል ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

የራጅ ጓደኞቻችንም ቢሆኑ የተመቻቸው እንዳይመስላችሁ። ከሶፍትዌሩ የሚወጣውን ወረቀት እነሱ እንዲፈርሙ ታዘዋል። ራጅ ማንበብ የሥራ ድርሻቸው አይደለም፣ አልተማሩትም፣ ደመወዙም የለም። አንዲት እናት ኮሪደር ላይ ነጥቧ ተነግሯት "ቲቢ አለብሽ" ተባልኩ ብላ እያለቀሰች እኛ ጋ መጣች። አክታዋ ንጹሕ ነበር። የጎረቤቱን አፍ ግን አክታ መርምረን አልዘጋንላትም። እዚህ ላይ የነገራትን ሰው መውቀስ ከባድ ነው። ማን ምን ይናገር ብሎ በጽሑፍ ያስቀመጠ የለም።

አሁን ወደ ላብራቶሪ።

በራጅ ክፍል ማንሳትና ማንበብ የሁለት ሰው ሥራ ነው። በላብራቶሪ ስላይዱን የሚሠራውም የሚያነበውም አንድ ሰው ነው። ስለዚህ "ማሽን ያነባል" ሲባል ከራጅ ክፍሉ ይልቅ የእኛ ሙያ የተነካ ይመስላል። በከፊል እውነት ነው። የወባ ስላይድ ማንበብ አድካሚ ነው። ኔጌቲቭ ለማለት በመቶው ሌንስ ቢያንስ 100 ፊልድ (በሌንሱ አንድ ጊዜ የሚታይ ቦታ) ማየት ያስፈልጋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባው ሲበረታ የሌሊት ዲዩቲ ላይ ያለ ሰው ስንት ስላይድ እንደሚደረደርለት እናንተም በሪፖርት ታዩታላችሁ። ዓይን ይዝላል። ማሽን አይደክመውም። ያንን ቢወስድልን ደስ ይለናል፣ ማንም አያለቅስም።

ማንበብ ግን የመጨረሻው እርከን ነው። ከዚያ በፊት ጣት ይወጋል። የደሙ ጠብታ ልኩ መሆን አለበት። ወፍራሙና ቀጭኑ ስሚር (መስታወቱ ላይ የሚቀባው ደም) ለየብቻ ይሠራል። ዝንብ ሳይነካው ይደርቃል። ጊምሳ የሚባለው ማቅለሚያ ይጣራል፣ የውኃው ፒኤች 7.2 አካባቢ ይሆናል፣ ሰዓቱ ይጠበቃል። ከነዚህ አንዱ ሲበላሽ ቀለሙ ይረጋና ጥገኛ ተውሳክ የሚመስል ነጥብ ይሠራል። የለመደ ዓይን "ይሄ ቀለም ነው" ብሎ ያልፈዋል።

ማሽኑን ሊያሳዩን የመጡት ሰዎች የራሳቸውን ስላይድ ይዘው ነበር የመጡት። ያማረ ስላይድ ነው። ማሽኑም አሳምሮ አነበበው። ከዚያ የእኛን ሰጠናቸው፣ የዚያኑ ዕለት ጠዋት የተሠራውን። አንዱን ፖዘቲቭ አለው፤ የረጋ ቀለም ነበር። አንዱን ወፍራም ነው ብሎ አላነብም አለ። ባለማሽኑ "ስላይዱ ጥሩ አይደለም" አለን። ትክክል ነው። ታዲያ ጥሩ ስላይድ የሚሠራው ማን ሊሆን ነው? መደቡ የታጠፈው ሰው?

ሌላ እንጨምር። ባለፈው ዝናብ ወቅት ማብቂያ ላይ አንድ የቀን ሠራተኛ ትኩሳት ይዞት ሌሊት መጣ። የታዘዘው የወባ ምርመራ ብቻ ነው። ፈጣን መመርመሪያው ኔጌቲቭ ሆነ። ተረኛው ባልደረባችን ስላይዱን ሲያይ ወባ አላገኘም፣ በቀይ የደም ሴሎቹ መሀል ግን እንደ ጠመዝማዛ ክር የሚመስለውን ባክቴሪያ አገኘ። በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት ነው። ይህ በሽታ ዛሬም ከአገራችን አልጠፋም። ባልደረባችን ስልክ ደወለ፣ ሐኪሙ ሕክምናውን ቀየረ። ለዚህ በሽታ መድኃኒት ሲሰጥ በሽተኛው በሰዓታት ውስጥ ሊንቀጠቀጥና የደም ግፊቱ ሊወርድ ስለሚችል አልጋ አስይዞ ተከታተለው። ለወባ ብቻ የሠለጠነ ማሽን ይህን ስላይድ ቢያነብ "ወባ የለም" ይል ነበር። መልሱ ስህተት አይሆንም። ሰውየው ግን ወደ ቤቱ ይሄዳል።

መሣሪያ በዝምታ ሊስት እንደሚችል ደግሞ አገራችን በራሷ አይታለች። ለዓመታት የተማመንንባቸው፣ ፋልሲፓረም የሚባለውን የወባ ዓይነት የሚለዩ ፈጣን መመርመሪያዎች ኤችአርፒ 2 የሚባል ፕሮቲን ይፈልጋሉ። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጎደለው ተውሳክ ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኘ። በሽተኛው ወባ ይዞት መመርመሪያው "የለም" ይላል። መሣሪያው አልተበላሸም፣ ተውሳኩ ነው የተለወጠው። እንዲህ ሲሆን የሚያጣራው ማይክሮስኮፕ ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው። ያ ሰው ችሎታውን የሚጠብቀው ደግሞ በየቀኑ በማየት ነው። አምስት ዓመት ያላየ ዓይን በወረርሽኝ ጊዜ ተጠርቶ አያይም። ፋልሲፓረምንና ሌላውን የወባ ዓይነት ቫይቫክስን መለየትም ቀልድ አይደለም። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚቆይ ፕሪማኪን የሚባለው መድኃኒት ካልተጨመረ ተመልሶ ይነሳል።

ላብራቶሪ ለማሽን እንግዳ አይደለም። እንዲያውም ከራጅ ክፍል በፊት አውቶማቲክ ነገር የለመድነው እኛ ነን። ድሮ ነጭ የደም ሴል በእጅ ይቆጠር ነበር። ሲቢሲ የሚባለው የደም ሴል ቆጣሪ ማሽን ሲመጣ ቆጠራው ቀረ። ሰው ግን ትርፍ አልሆነም፤ የሚታዘዘው ምርመራ በዛ። ማሽኑ ሲስት ምን እንደሚመስልም እናውቃለን። ለቀዶ ሕክምና የተዘጋጀች እናት ፕላትሌቷ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ሴል) 28 ሺህ ብቻ ነው ብሎ ማሽኑ አወጣ። ቀዶ ሕክምናው ሊቆም፣ ፕላትሌት ሊፈለግ ሆነ። ባልደረባችን ስሚር ሠርታ ብታይ ፕላትሌቶቹ በቲዩቡ ውስጥ ባለው ፀረ መርጋት ምክንያት እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ማሽኑ የተጣበቀውን አንድ አድርጎ ይቆጥረዋል ወይም ይዘለዋል። ሌላ ዓይነት ፀረ መርጋት ባለው በሲትሬት ቲዩብ ደግማ ቀዳች። ቁጥሩ ደህና ነበር። ቀዶ ሕክምናው በቀኑ ተሠራ። ይህ ሥራ በየትኛውም የሥራ መዘርዝር ላይ አልተጻፈም። መደብ ሲታጠፍ አብሮ የሚታጠፈው ግን እሱ ነው።

ኤአይ ሙያ ያጠፋል የሚለው ትንበያ አዲስ አይደለም። የዘርፉ ትልቅ ሰው ጄፍሪ ሂንተን በ2016 እንደ አውሮፓውያን ራዲዮሎጂስት ማሠልጠን ከአሁኑ ይቁም፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ማሽኑ ይበልጣቸዋል ብሎ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የሕክምና ኤአይ መሣሪያ ሲፈቀድ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ የራዲዮሎጂ ነው። አሜሪካ ግን ዛሬም ራዲዮሎጂስት አጥሯታል፣ ሂንተንም በኋላ ላይ አነጋገሩ ከልክ በላይ ጥቅል እንደነበር ተናግሯል። በነገራችን ላይ ያ ትንበያ ስለ ራዲዮሎጂስት ነው። ራጅ ስለሚያነሳው ሰው ማንም ምንም አላለም። ስለ ላብራቶሪማ ጭራሽ ያስታወሰን የለም።

እውነቱን እንነጋገር። "ከሁለቱ ሙያዎች በረጅም ጊዜ የቱ ይጠባል?" ብላችሁ ብትጠይቁን የእኛው ይመስለናል እንላለን። የራጅ ባለሙያ እጁ በሽተኛው ላይ ነው። እኛ ብዙውን ጊዜ ከመስኮት ጀርባ ነን። ትልልቅ ከተሞች ባሉ፣ በቀን ሺህ ናሙና በሚያስተናግዱ ላብራቶሪዎች ቲዩቡ ከመግቢያ እስከ ውጤት በማሽን መስመር ላይ ሊሄድ ይችላል። እዚያ ጥቂት ሰው ይበቃል። እኛ ጋ ግን ጄኔሬተር ሲነሳ ማሽኑን እንደገና የሚያስተካክለው፣ ምራቅ ይዞ የመጣውን "አክታ አምጣ፣ ከሳንባህ አስልና" ብሎ የሚመልሰው፣ የተሰባበረ ደም ፖታሲየሙን ከፍ እንደሚያደርግ አውቆ ውጤቱን የሚያግደው ሰው ነው። የከተማውን ስሌት ለእኛ ማምጣት አይሆንም። የትምህርት ጥያቄም አለ። የላብራቶሪ ዲግሪ ይዘው፣ የብቃት ምዘና አልፈው ቤት የተቀመጡ ልጆች በዞናችን ሞልተዋል። ለነሱ "ማሽን መጥቷል" ማለት ቀላል ነው። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ስለ ማሽኑ ዕድሜም አንድ ነገር። ስቶራችን ውስጥ ጨርቅ የለበሰ የኬሚስትሪ ማሽን አለ። አልተበላሸም። የሚቀበለው የራሱን ኩባንያ ሪኤጀንት (መመርመሪያ ኬሚካል) ብቻ ነው፣ ሪኤጀንቱ ቀረ። አዲሱ ማይክሮስኮፕ የማን ስላይድ፣ የማን ቀለም፣ የማን የአገልግሎት ውል እንደሚፈልግ ያየነው ሰነድ የለም። የበሽተኞቹ ምስል የት ሰርቨር ላይ እንደሚቀመጥም አልተነገረንም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የጤና መረጃ ደግሞ ከማንም በላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ራጁም ስላይዱም የሰው ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

የላብራቶሪ መደቦችን ያገደው ውሳኔ ይነሳ። ቢያንስ ማሽኑ በእኛ ስላይድ፣ በእኛ መብራት፣ በአንድ ሙሉ የወባ ወቅት ከሰው ጎን ለጎን ተፈትኖ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ሥራ ላይ አይዋል። ፈተናው ላይ ኔጌቲቭ የተባሉትም በሰው ይደገሙ፤ ፖዘቲቩን ብቻ ማረጋገጥ ፈተና አይባልም።

የራጅ ኤአዩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የጂን ኤክስፐርት አቅማችን ይሰላ። ሞጁል፣ ካርትሪጅ፣ ፍሪጅ፣ ሰው። የነጥብ መቁረጫው ራጅ ክፍል፣ ላብራቶሪና የቲቢ ክሊኒክ አብረው ተቀምጠው ይወስኑት። ሪፖርቱ ላይ "ተጠርጥሮ ያልተመረመረ" የሚል ረድፍ ይጨመር።

ማን እንደሚፈርም በጽሑፍ ይሰጠን። የውጤት ወረቀታችን ላይ "የመረመረው" እና "ያረጋገጠው" የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉ። ማሽን አይፈርምም፣ ሲሳሳትም ማሽን አይጠየቅም። የራጅ ባለሙያውም ሆነ የላብራቶሪ ባለሙያው ላልወሰነው ነገር በፍርድ ቤት እንዳይቆም ይደረግ።

ሥልጠናው ለሁለቱም ክፍል ይሁን። አዲስ ሥራ ለሚጨመርበት ሰው፣ ራጅ ክፍል ያለውም ቢሆን፣ የሥራ መዘርዝሩና ክፍያው አብሮ ይሻሻል። የግዢ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ሪኤጀንቱ፣ ጥገናውና የመረጃ ጥበቃው የሰፈረበት ክፍል ለባለሙያዎችና ለባዮሜዲካል ኢንጂነራችን ይታይ።

በዚህ ጉዳይ ከሁለቱም ክፍል ተወካዮች ጋር ስብሰባ እንዲጠራ እንጠይቃለን። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት ቢሆን ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ የታጠፈ መደብ ለማስመለስ ምን ያህል ደብዳቤ እንደሚመላለስ ሁላችንም እናውቀዋለን። የዘመቻውን የናሙና መዝገብና ማሽኑ ሲታይ ያነበባቸውን ስላይዶች ይዘን እንመጣለን። ስላይዶቹ አልተጣሉም፣ በሣጥን ተቀምጠዋል።

ከአክብሮት ጋር

የሆስፒታሉ ላብራቶሪ ክፍል ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር
ለሰው ሀብት አስተዳደር
ለራጅ ክፍል
ለቲቢ ክሊኒክ